ለሃዋ አፍንጫ የሚሆን ውሃ

ሰበታ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተረፈች፣ ሱሉልታ

አካም ጅርታ፣ የጣቢታ እናት? ባለቤትሽ ኦቦ ቦሩ ጉልበቱን እንዴት አደረገው? ጣቢታስ ደህና ናት? ከብቶቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ካፍንጫዬ በስተቀር ደህና ነኝ።

ስልክ ስደውልልሽ አታነሺም። በዋርሳዬ በሐምዱ ብልክብሽ «የፈለገችውን ትጻፍ፣ ድምጿን ግን አልሰማም» አልሽው አሉ። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ። ሠላሳ ዓመት ቅቤ ስትልኪ ቅቤ ስቀበል አንድ ቀን ተጻጽፈን አናውቅም፣ በስተርጅና ተማሪ አደረግሽኝ። ሐምዱ በአይሱዙው ድርቆሽ ለመጫን ወደ እናንተ ስለሚመላለስ እሱ ያደርሳል፤ መልሱንም እሱ ይቀበልሻል።

ምን እንደፈለግኩ ጠይቀሻል። ከረመዳን ማግስት ጀምሮ አፍንጫዬ ታፍኗል። ግንባሬንና ከዓይኔ ሥር ያለውን ይዞ ሲቀጠቅጠኝ ይውላል፤ ሳይነስ ነው አሉኝ። ሽታ የሚባል ነገር ጠፍቶብኛል። በርበሬ ሲቆላ ቤተሰቡ በሙሉ እያስነጠሰ ሲበተን እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አወራለሁ። የቅመምና የቅቤ ነጋዴ አፍንጫዋን ስታጣ ምን እንደምትሆን ለሌላ እንጂ ላንቺ አይነገርም።

ባለፈው ሳምንት ፋርማሲ ሄጄ አንዲት ልጅ የምትጨመቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሸጠችልኝ። ውሃና ጨው ሞልተሽ ባንዱ ቀዳዳ ታስገቢያለሽ፣ በሌላው ይወጣል አለችኝ። ወረቀቱ በፈረንጅ አፍ ነው። ልጄ ኡበይድ አየውና «ዲስቲልድ ውሃ ይላል» አለ። ይህን የሰማ ሐምዱ «እሱማ የባትሪ ውሃ ነው፣ ከጋራዥ አመጣልሻለሁ» ብሎ ቁልፉን አነሣ። የአይሱዙ ውሃ አፍንጫዬ ውስጥ አልከትም ብዬ አስቀመጥኩት። እና ከሮቶው እየቀዳሁ ጀመርኩ። ውዱ የማደርግበት ውሃ ነው እኮ፤ በቀን አምስት ጊዜ አፍንጫዬን የምታጠብበት ውሃ ዛሬ ምን ያደርገኛል? ለሶላት የበቃ ውሃ ለጨው አያንስም ብዬ ነው።

ስድስት ቀኔ ነው። መጀመሪያ ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ያቃጥለኛል። ጣቢታ ቡራዩ ክሊኒክ ውስጥ የአፍንጫና የጆሮ በሽተኛ ነው የማየው ትል የለ? እሑድ ስትመጣ ጠይቂልኝ። በምን ውሃ፣ በስንት ጨው፣ በቀን ስንቴ። ቶሎ በይልኝ፣ እባክሽ።

የሰኔውን ነገር እንዳታነሺብኝ። ገበያ ነው፤ ገበያ ላይ የማይባል የለም። ያለፈ አለፈ።

ሃዋ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሃዋ፣ ሰበታ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የቦሩ ጉልበት እንደነበረ ነው። ጣቢታ ደህና ናት። ስለ ከብቶቹም ጠይቀሻል።

የዘገየሁት ገብስ አጨዳ ላይ ስለሆንን ነው። ጣቢታ ያለችውን እንዳለችው እጽፋለሁ፤ ከራሴ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ከሮቶ ይምጣ ከቧንቧ፣ ከጉድጓድ ይምጣ ከምንጭ፣ ያልተፈላ ውሃ ወደ አፍንጫ አይገባም። የሚጠጣ ውሃ ሁሉ ለአፍንጫ አይሆንም፤ ሆድ የሚገድለውን ተውሳክ አፍንጫ አይገድለውም ብላለች። ውሃው ይንተክተክ። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሰዓት አይተሽ ሦስት ደቂቃ ቁሚ። ቆላ ቢሆን አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር፣ የኛ አገር ደጋ ስለሆነ ነው። እንደተከደነ ይቀዝቅዝ፣ ለብ ሲል ተጠቀሚበት፣ ካንድ ቀን በላይ ያደረውን ድፊው። ለአንድ ሊትር አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። አዮዲን የሌለው ንጹሕ ጨው ካገኘሽ ይሻላል። ጨው ሲበዛም ሲያንስም ያቃጥላል።

የባትሪ ውሃ የሚሉትን እንኳን አላስመጣሽው። እሱ የተሠራው ለመኪና ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ከአሲዱ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው። ለሰው የሚሆነው ፋርማሲ ውስጥ ታሽጎ የሚሸጠው ነው፤ ካጣሽው ያፈላሽው ይበቃሻል።

ስትታጠቢ ጎንበስ በይ፣ አፍሽን ክፈቺ፣ በአፍሽ ተንፍሺ፣ ጠርሙሱን ቀስ ብለሽ ጭመቂ። ከዚያ በኋላ በኃይል አትናፈጪ፣ ወደ ጆሮ ይሄዳል። ጠርሙሱ ያንቺ ብቻ ነው፤ የልጅ ልጆችሽ አይንኩት። በተጠቀምሽ ቁጥር ይታጠብ፣ ይድረቅ። ትኩሳት ከመጣ፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ በዓይንሽ ዙሪያ እብጠት ካየሽ ማጠቡን ትተሽ ሐኪም ቤት ሩጪ።

ስለ ውዱው ደግሞ «እትዬ ሃዋ በእፍኟ የምታስገባው ደጁን ነው የሚነካው፤ በጠርሙስ ተገፍቶ የሚሄደው ግን ጓዳ ይገባል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም» ብላለች። የጣቢታ ቃል እዚህ ላይ አለቀ።

አሁን የኔን ስሚ። «ከረመዳን ማግስት ጀምሮ» ሽታ ጠፍቶብኛል ብለሻል። በእጅሽ የጻፍሽው ነው፣ እዚሁ አለኝ። የኔን ቅቤ ከነኮባው አንሥተሽ፣ ወደ አፍንጫሽ አስጠግተሽ፣ ደላላው ዲኖና የገበያው ሰው ሁሉ እየሰማ «ይኼ ሙዝ ተቀላቅሎበታል» ያልሽው ቅዳሜ ሰኔ 15 ነው። ረመዳን ካለፈ ከሁለት ወር በላይ ሆኖት ነበር። ታዲያ በየትኛው አፍንጫሽ አሸተትሽው?

ይህን ብቻ መልሺልኝ። ያለፈ አለፈ ያልሽውን ለራስሽ ያዢው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰበታም፣ ዓለም ገናም፣ ቡራዩም ቅቤዬን የሚያነሣ ጠፍቷል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እሰማ ነበር፤ ቅቤ ሻጭ ሆኜ ተረቱ በኔ ይደርሳል አላልኩም።

ተረፈች

ሰበታ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለተረፈች

ጽሑፌ ቢንጋደድብሽ ታገሺኝ፣ እጄ አልጸናም። አንደኛው ዓይኔም ገና በደንብ አይገለጥም።

ደብዳቤሽ ኅዳር 2 ሲደርስ እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር፤ የገባሁት በዋዜማው ነው። የኡበይድ ሚስት ሩዋይዳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አነበበችልኝ። «በዓይንሽ ዙሪያ እብጠት ካየሽ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና እያለቀሰች ማንበቡን ተወችው። ግራ ዓይኔ የዳቦ ሊጥ መስሎ ነበር። ትኩሳቱ አስቀባጥሮኛል አሉ፤ ቅቤ እየመዘንኩ ነበር አሉ።

በአፍንጫዬ በኩል ገብተው መግሉን ጠረጉት። ሐኪሙ በምን ውሃ ስታጠብ እንደነበር ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «ከውሃው ይሁን ከቆየው በሽታሽ ቆርጬ ልነግርሽ አልችልም፤ ያልተፈላ ውሃ ግን መግባት አልነበረበትም፣ ካመመሽም በኋላ ቶሎ ማቆም ነበረብሽ» አለኝ። ዓይኔ ተርፏል። ሽታውን ስጠይቀው ግን ወረቀቱን እያየ «እንጠብቅ» አለ። በሰው ፊት ስንት ዕቃ የመዘንኩ ሴት ነኝ፣ የሰው ፊት ማንበብ አያቅተኝም። አይመለስም ማለቱ ነው።

አንቺን አላህ ይስጥሽ። ገብስ አጨዳ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወገብሽን ይዘሽ፣ ተቀይመሽኝ፣ ያንን ሁሉ ቁጭ ብለሽ መጻፍሽ እህት ስለሆንሽ ነው። ሩዋይዳ ጣቢታ ያለችውን ገጽ ከጓዳው ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ይኼን የላከችልኝ የሱሉልታዋ እህቴ ናት፣ ቀደም ብሎ ደርሶኝ ቢሆን እዚህ አልተኛም ነበር» እላለሁ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ትንሽ ልበርታና እመልስልሻለሁ።

ሃዋ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃዋ

ከግድግዳው ላይ አውርዱት።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ፤ አሁን ሳላነብ አጥፌ እልከዋለሁ።

አጨዳው ውሸት ነው። ማለት አጨዳው ነበረ፣ ያዘገየኝ ግን እሱ አይደለም። ያንቺ ደብዳቤ ቅዳሜ ጥቅምት 9 እጄ ገባ። እሑድ ጣቢታ መጣች፤ ጠየቅኳት። ገና «ከሮቶው» ስላት ጫማዋን ለማሰር አጎንብሳ የነበረችው ቀና አለች። «እማዬ፣ ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ታቁም። አልያ ስልኳን ስጪኝ፣ እኔ ልደውል» አለችኝ። «ተይው፣ እኔ እነግራታለሁ» አልኳት። በሳምንቱ ስትመጣ «ነገርሻት?» አለችኝ። «ነግሬያታለሁ» አልኩ። ልጄን ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት።

በመጀመሪያው እሑድ ማታውኑ ያለችውን ሁሉ ጽፌዋለሁ፣ ሃዋ። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሐምዱ ሦስት ጊዜ በራፌ ላይ ቆሞ «መልስ አለ? ራሷን እያመማት ነው፣ ማጠቡን ግን አላቆመችም» ብሎኛል። ሦስቴም «አልደረሰልኝም» ብዬ መለስኩት። በሦስተኛው ጊዜ ቦሩ ከውስጥ ሰምቶ «ኩን ጋሪ ሚቲ፣ ይህ ደግ አይደለም፣ ሰው እየታመመ» አለኝ። እንዲያም ሆኖ አልላክኩትም።

የከለከለኝን ልንገርሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ይቅርታ የምትል ቃል ፈልጌ አጣኋት። ስለ አፍንጫሽ፣ ስለ ጠርሙስሽ፣ ስለ ሐምዱ ቀልድ ጽፈሽ፣ ለኔ የቀረኝ «ያለፈ አለፈ» ነበር። ትንሽ ያቃጥላት፣ ትንሽ ይመማት አልኩ። ትንሽ ነበር ያልኩት። የዓይን ነገር፣ የሐኪም ቤት ነገር በልቤ አልነበረም፤ ግን ማን ልክ ሠፍሮ ሰጠኝ? በነዚያ ሦስት እሑዶች ቤተ ክርስቲያን ስሜ ቆሜያለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት እኔን ነው።

ስለዚህ እህቴ ላከችልኝ አትበይ። እህትሽ ሃያ አንድ ቀን ይዛብሻለች። ለሩዋይዳም ንገሪያት፤ ያፈሰሰችው እንባ ያሳዝነኛል። ለጣቢታ እኔው ነግሬያታለሁ። አልጮኸችብኝም። ባለፈው እሑድ አልመጣችም።

አሁን የጠየቅኩሽን ባትመልሺልኝም የመቀየም መብት የለኝም።

ተረፈች

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተረፈች

ሃያ ቀን ዝም አልኩሽ። ሕመሙ ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር፤ ግን በውሸት በኩል ሁለታችንም በቂ ሠርተናል። ተናድጄ ነው። ሃያ አንድ ቀን፣ ተረፈች! ሐምዱ በራፍሽ ላይ ቆሞ! ሐምዱ ራሱ ሲሰማ «ሁለተኛ ሱሉልታ አልረግጥም» ብሎ ነበር። ወረቀቱን ግን ከግድግዳ አላወረድነውም፤ ጣቢታ ያለችው እውነት ነው፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። የፋርማሲዋ ልጅም ቀድታ ወስዳለች።

ከዚያ ንዴቴ እየበረደ ሲሄድ የጠየቅሽኝ ጥያቄ ብቻውን ቀረ። በየትኛው አፍንጫዬ?

በየትኛውም አፍንጫዬ። አላሸተትኩትም።

ከሰኔ 15 በፊት በነበረው ቅዳሜ አንድ ሰው ቅቤ አመጣ። አንሥቼ አሸተትኩ፣ ምንም የለም፤ ባዶ። አፍሬ «ለጋ ነው» ብዬ ተቀበልኩት። ማክሰኞ ዕለት የገዛችኝ ሴትዮ መልሳ አመጣችው፤ ስታነጥረው ሙዝ ሆኖ ከድስቱ ሥር ተኝቷል። ዲኖ ቆሞ እያየ ሳቀ። «ሃዋ፣ ያ አፍንጫ ተሸጠ እንዴ?» አለኝ። ቀልዱን ነው፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ሠላሳ ዓመት ሰበታ ላይ ቅቤ ሲያጣላ ሰው ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ከባሌ ሞት በኋላ ቤቴን ያቆምኩት በዚህ ነው። አፍንጫዬ እንደሞተ ቢታወቅ ምን ሆኜ እቀመጣለሁ?

ቅዳሜ ያንቺ ቅቤ መጣ። ሁሉም ተሰብስበው ያዩኛል። አነሣሁት፣ አሁንም ባዶ። ጥሩ ነው ብል፣ ደግሞ ብሳሳትስ? መጥፎ ነው ካልኩ ግን ማንም ሃዋ አታሸትም አይለኝም። ባንቺ ላይ ክፋት አስቤ እንዳይመስልሽ። ያንቺ መሆኑን ኮባው ሲፈታ አስተሳሰርሽን አይቼ አውቄዋለሁ፤ አውቄም ተናገርኩት። ሌላ ሰው ላይ ብናገረው ይጣላኛል፣ ተረፈች ግን ትችለኛለች፣ ነገ እታረቃታለሁ ብዬ ነው። የቅርብ ሰው ላይ ነው የሚጨከነው ለካ።

አመሻሹ ላይ ልደውልልሽ ስልኩን አነሣሁ፣ አፈርኩ። ሳምንት ሲሞላ የበለጠ አፈርኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖ ስድስት ወር ሞላ።

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የጣቢታ እናት። ፈልገሽ ያጣሻት ቃል ይቺውት፤ ዘግይታ መጣች።

አንድ ነገር ቆርጫለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ታኅሣሥ 19 ገበያው ሲሞላ ሱቄ በራፍ ላይ እቆማለሁ። ዲኖንና ደላሎቹን ሰብስቤ እንደማላሸት፣ ያን ቀንም እንዳላሸተትኩ፣ የተረፈች ቅቤ ንጹሕ እንደነበረ እናገራለሁ። ኡበይድ «እናቴ፣ ሱቁን ትዘጊዋለሽ» ብሎ ለምኖኛል። ይዘጋ። አንቺ ብቻ ለዚያ ቀን ቅቤሽን ላኪልኝ፤ የቻልሽውን ያህል። ሐምዱ ዓርብ ይመጣል፣ አለዝቤዋለሁ። እኔ ባላሸትም ሌላው ሰው በገዛ አፍንጫው አሽትቶ ይፍረድ።

እህትሽ ሃዋ

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሃዋ

ደብዳቤሽን ለቦሩ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ያቺ ሴት ይህን ለመጻፍ ስንት ቀን ፈጀባት?» አለ። ሃያ አልኩት። «አንቺም ሃያ አንድ ፈጅቶብሻል፣ ተቻቻሉ» ብሎ ወጣ።

ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺም ይቅር በይኝ። ይህን ስጽፍ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም።

የምልክልሽ ቅቤ የለኝም። ላሞቹን ሸጫለሁ፣ ሃዋ።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ስለ ከብቶቹ ስትጠይቂኝ ያለፍኩት ለዚህ ነው። ክረምቱን ቅቤው እየተጠራቀመ የሚገዛ ጠፋ። ወተቱን እንዳልሸጥ መንገዳችን በዝናብ ጊዜ መኪና አያስገባም፣ ታውቂዋለሽ። የከብት መኖ መግዛት አቃተን፣ ቦሩም በዚያ ጉልበቱ ሣር ማጨድ አልቻለም። አንዷን ሐምሌ ሸጥን፣ ሁለቱን መስከረም። የመጨረሻዋ ቡሬ ነበረች፣ ያቺ ዝንጉርጉሯ፣ አንቺ ስትመጪ ከእጅሽ ጨው የምትልሰው። እሷን የሸጥኳት ጥቅምት 9 ነው። ገመዷን በእጄ ጠቅልዬ ከገበያ ስመለስ ሐምዱ በራፌ ላይ ቆሞ ደብዳቤሽን ሰጠኝ። «ከብቶቹስ?» የሚለውን ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ በዚያ ዓይን ነው ያነበብኩት። ለሠራሁት ሥራ ምክንያት እንዲሆነኝ ብዬ አይደለም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ገበያውን ግን አትተዪው። ቅቤ ባይኖርም ቁሚና ተናገሪ። ከቤታችን የወጣ ቅቤ ተቀላቅሎበት እንደማያውቅ ዲኖ በጆሮው ይስማ። ላሞቹ አይመለሱም፣ ስሜ ይመለስ።

ውሃውን ማፍላት እንዳትረሺ፣ ጣቢታ አሳስቢያት ብላኛለች። ባለፈው እሑድ መጥታ ነበር።

ተረፈች

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለተረፈች

ውሃውን አፈላለሁ፤ ሦስቱን ደቂቃ ሩዋይዳ በስልኳ ትይዝልኛለች። ሽታው አልመጣም፣ መተንፈሱ ግን ደህና ነው።

የቡሬን ነገር ሳነብ ምን እንደሆንኩ አልጽፍልሽም። አንድ ቃል ተናገርኩ፣ አራት ላም ሄደ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ትናንት ተናገርኩ። ገበያው ሞልቶ ነበር። በርጩማ ላይ ወጥቼ አይደለም፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ነው። ከረመዳን ወዲህ እንደማላሸት፣ ሰኔ 15 በሐሰት እንደተናገርኩብሽ፣ ቅቤሽ ንጹሕ እንደነበረ ሁሉንም አልኩ። የሳቀ የለም። ዲኖ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ፤ ወሬውን ዓለም ገናና ቡራዩ ያደረሰው እሱ ነበርና። አንዳንዱ «አይዞሽ» ብሎኝ ሄደ፣ አንዳንዱ ከዚያው ወደ ሌላ ሱቅ ገባ። አልፈርድበትም።

ሁሉም ሲበተን አንዲት የማላውቃት ሴት ቀረች፤ ልጇን ልትድር ነው መሰል ብዙ ቅቤ ትፈልጋለች። «እንዲህ የምትመሰክሪላት ከሆነ እኔ ከሷ ነው የምገዛው። ቅቤዋ የታለ?» አለችኝ።

ሚዛኑን ይዤ ቆምኩ፣ ተረፈች።

ሃዋ